በፓሉስ ኮረብቶች የጠጠር መንገድ ላይ፦ ከሲያትል ተነስቶ በስንዴና በምስር ማሳ መሃል ለመንዳት

ሲያትል እየኖረ በአይ-90 ወደ ምሥራቅ ያልነዳ ሐበሻ ጥቂት ነው። ትራክ የሚነዱ ወንድሞቻችን መንገዱን በቃላቸው ያውቁታል። ስፖኬን ዘመድ ያለው ሰው በዓል በመጣ ቁጥር ይመላለስበታል። ቫንቴጅ ላይ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ቀኝ የታጠፈ ሰው ግን ብዙ አላጋጠመኝም። በዚያ ከታጠፋችሁ ከሁለት ሰዓት ተኩል በማይበልጥ ጊዜ ፓሉስ የሚባል አገር ትገባላችሁ። ዛፍ የለውም ማለት ይቻላል። ኮረብታ ብቻ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ጋር እየተደራረበ አልጋ ላይ እንደተጣለ ጋቢ ይተጣጠፋል። ኮረብታው ሁሉ ታርሷል። ስንዴ፣ ገብስ፣ ሽምብራ፣ ምስር።

እማዬ ከሀገር ቤት ለጥየቃ በመጣች ጊዜ ወሰድኳት። ምንጃር ነው ያደገችው። አንድ ማሳ ዳር ስንደርስ መኪናውን ሳላቆም በመስኮት አየት አድርጋ፣ «ይሄማ ምስር ነው፤ ገና አበባ ላይ ነው» አለች። እኔ በዚያ መንገድ ሦስት ጊዜ አልፌ ሣር ይመስለኝ ነበር። ወርዳ መንገዱ ዳር ቆመች። ነጠላዋን አስተካክላ ብዙ ሳትናገር ቆየች። ከዚያ ዳገቱን ቀና ብላ አየችና፣ «ልጄ፣ እዚህ ላይ በሬ እንዴት አድርጎ ይቆማል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህን ጥያቄ የሚያስጠይቀው ቦታ አስፋልቱ ላይ ሆኖ አይታይም። መታየት የሚችለው ከጠጠር መንገዱ ነው። የጠጠር መንገዱ ደግሞ የራሱ አነዳድ አለው። ከዚህ በታች የጻፍኩት በራሱ መኪና ሦስት ቀን መድቦ መሄድ ለሚፈልግ ሰው ነው።

1. መጀመሪያ ወቅቱን ምረጡ

ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን መጨረሻ ድረስ ኮረብታው አረንጓዴ ነው። የክረምት ስንዴው ጉልበት ድረስ ደርሷል፣ የጸደዩ ገና ቡቃያ ነው። ስለዚህ አረንጓዴው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ በመሃል ደግሞ ካኖላ የሚባለው የዘይት ሰብል ሲያብብ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት ማለቂያ አጨዳ ነው። ኮረብታው ወርቅ ይመስላል፣ አቧራውም ብዙ ነው፣ መንገዱ በኮምባይነርና በእህል ጫኝ መኪና ይያዛል። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር መሬቱ ታርሶ ቡናማ ይሆንና እንደገና ይዘራል።

የእኔ ምርጫ የጁን ሁለተኛና ሦስተኛ ሳምንት ነው። ቀኑ ረጅም ነው፤ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው። አጨዳ ማየት የሚወድ ግን በኦገስት መጀመሪያ ይሂድ። ከኖቬምበር እስከ ማርች በጠጠሩ መግባት አልመክርም። በረዶ ነው፣ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ጭቃ ነው።

ማረፊያ ቀድማችሁ ያዙ። ኮልፋክስ ትንሽ ከተማ ናት። ፑልማን የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከተማ ስለሆነች ሆቴሎች አሏት፤ ነገር ግን በሜይ የምረቃ ሰሞንና በበልግ የፉትቦል ጨዋታ ቀን አልጋ አይገኝም።

2. መኪናው

ጠጠሩ ደረቅ ከሆነ ተራ ኮሮላም ይበቃል። ትልቅ መኪና ከሌለኝ ብሎ የሚቀር ሰው አውቃለሁ፤ ተሳስቷል። ዋናው ነገር ጎማ ነው። የመንገዱ ጠጠር የተፈጨ ጥቁር ድንጋይ ነው። ባዛልት ይባላል፤ ጫፉ ስለታም ነው። ሊሾ የሆነ ጎማ ይዛችሁ አትግቡ። ነፋሱን በሾፌሩ በር ማቀፊያ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ አድርጉት። ከዚያ በላይ የተነፋ ጎማ ጠጠር ላይ ይዘላል።

ቀጥሎ ከኋላ ያለውን ወለል አንሱና ስኮርታ ጎማ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ስኮርታ የላቸውም። በምትኩ ትንሽ መንፊያና ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ ነው የሚሰጧችሁ። ያ ፈሳሽ ምስማር ለበሳው ቀዳዳ ይሠራል። ስለታም ድንጋይ ጎኑን ለቀደደው ጎማ አይሠራም። ስኮርታ ከሌላችሁ ወይ ተዋሱ ወይ ከዋናው ጠጠር መንገድ አትውጡ። ክሪኩና የጎማ ቁልፉ አብረው መኖራቸውን እዩ። ከክንድ የሚረዝም ወፍራም ጣውላ ጨምሩ፤ አፈሩ ለስላሳ ስለሆነ ክሪኩ ያለ ጣውላ ይሰምጣል።

የኪራይ መኪና ከሆነ ውሉን አንብቡ። ከአስፋልት ውጭ መንዳትን የሚከለክል መስመር ያለባቸው ውሎች አሉ። ያን መስመር ጥሳችሁ ችግር ቢደርስ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል።

ስልክ በየኮረብታው ሥር ይጠፋል። ሲያትል ሳላችሁ ኮልፋክስና ፑልማን ያሉበትን የዊትማን ካውንቲን ካርታ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ውሃ በደንብ ያዙ። ቆሎና በፔርሙስ ቡና ያዙ፤ ጠጠሩ ላይ ሱቅ የለም።

3. ከሲያትል እስከ ኮልፋክስ

ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱ። 270 ማይል ገደማ ነው፤ እያረፋችሁ ብትሄዱ ቀትር ላይ ትደርሳላችሁ። 921 ሜትር ከፍታ ያለውን የስኖኳልሚ ማለፊያ ተሻግራችሁ፣ ኤለንስበርግን አልፋችሁ ቫንቴጅ ትወርዳላችሁ። የኮሎምቢያን ወንዝ ድልድይ እንደጨረሳችሁ ወደ ቀኝ የሚወስደውን የስቴት መንገድ 26 ያዙ። ከዚያ እስከ ኮልፋክስ 133 ማይል ገደማ ነው፣ በሙሉ አስፋልት።

ኦቴሎ ላይ ነዳጅ ሙሉ። «ግማሽ አለኝ» አትበሉ። ከኦቴሎ በኋላ ያሉት መንደሮች ትንንሽ ናቸው። መንገዱ አብዛኛው በአንድ ወዲያ አንድ ወዲህ ነው፤ ከፊታችሁ ትራክተር ካለ ትዕግሥት ነው።

4. ጠጠሩ ከመጀመሩ በፊት ከላይ እዩት

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ኮልፋክስ ዕቃችሁን አስቀምጣችሁ፣ አረፍ ብላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ወደ ስቴፕቶ ቢዩት ውጡ። በመንገድ 195 ወደ ሰሜን ስቴፕቶ መንደር ድረስ፣ ከዚያ በስተ ቀኝ። ተራራው ከሩቅ ለብቻው ቆሞ ይታያል። 1,100 ሜትር ከፍታ አለው። መንገዱ ተራራውን እንደ ጥምጣም እየዞረ እስከ ጫፉ ይወጣል፣ አስፋልት ነው። የስቴት ፓርክ ስለሆነ ዲስከቨር ፓስ የሚባል የመኪና መግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የቀኑ 10 ዶላር ነው።

ይህ ተራራ በዙሪያው ካለው ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። ድንጋዩ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ኳርትዛይት ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው ቅልጥ ድንጋይ አካባቢውን ሲሞላው እሱ እንደ ደሴት ቀረ። ከዚያ በበረዶው ዘመን ነፋስ እንደ ዱቄት የላመ አፈር ከደቡብ ምዕራብ እያመጣ በቅልጡ ድንጋይ ላይ ከመረው። ከታች የምታዩት ኮረብታ ሁሉ ያ ነፋስ የከመረው አፈር ነው። በ1888 ካሽአፕ ዴቪስ የሚባል ነጋዴ እዚህ ጫፍ ላይ ሆቴል ሠርቶ ነበር፤ በ1911 ተቃጠለ።

አሁን ሥራችሁ ይኸውላችሁ። ሰው ሁሉ ፎቶ ሲያነሳ እናንተ ካርታችሁን ዘርጉ። ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እዩ። በማሳዎቹ መሃል የሚሄዱ ፈዛዛ ግራጫ መስመሮች አሉ፤ የነገ ጠጠር መንገዳችሁ እነሱ ናቸው። ቡናማ ሆነው ከማሳው ጋር የሚመሳሰሉት መስመሮች ደግሞ ጠጠር ያልፈሰሰባቸው ተራ የአፈር መንገዶች ናቸው። ልዩነቱን አሁን ለዩ። ታች ከወረዳችሁ በኋላ ስልካችሁ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ነጭ መስመር ነው የሚያሳያችሁ። አጭሩን መንገድ ብሎ ወደ አፈሩ የሚያስገባችሁም እሱው ነው። እኔ ከላይ ሆኜ በወረቀት ላይ እሠራዋለሁ። ግራጫውን በእስክሪብቶ አደምቀዋለሁ፣ ቡናማውን እሰርዘዋለሁ።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆዩ። ብርሃኑ ዝቅ ሲል እያንዳንዱ ጉብታ ጥላ ያወጣል። በቀትር ጠፍጣፋ የሚመስለው ማሳ ያኔ ይነሳል። ሲመሽ ነፋሱ ይበርዳል፤ ጃኬት ያዙ፣ ለእናቶች ጋቢ።

5. ጠጠሩ ላይ እንዴት ይነዳል

ምልክት በሌለበት የካውንቲ መንገድ ሕጉ 50 ማይል ይፈቅዳል። እናንተ 30 ንዱ። ሜዳና ቀጥ ያለ ከሆነ 35። ከዚያ በላይ ጎማው ጠጠሩን መንከሱን ትቶ እላዩ ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል። ሀገር ቤት ፒስታ ላይ የነዳ ሰው ይህን በመቀመጫው ያውቀዋል፤ መሪው በድንገት ቅልል ይላል። ያን ጊዜ ፍሬን አትርገጡ። እግራችሁን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ መኪናው ራሱ ይረጋጋል።

ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት፣ መንገዱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ፍሬን መያዝ ቦይ ውስጥ ይከታል። ጠጠር ላይ ለመቆም ከአስፋልት በጣም የረዘመ ርቀት ያስፈልጋል። ከፊት ካለው መኪና ራቁ፤ አቧራውም አያንቃችሁም፣ ጠጠሩም የፊት መስታወታችሁን አይሰብርም።

በዚህ አገር ትልቁ አደጋ የኮረብታው አናት ነው። ዳገቱን ስትወጡ የሚታያችሁ ሰማይ ብቻ ነው። ከወዲያ በኩል ምን እንደሚመጣ አታዩም። ኮምባይነር ሊሆን ይችላል፤ የፊቱን ማጨጃ ባይፈታው መንገዱን በሙሉ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አናቱ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሱና ቀኛችሁን ያዙ። ሰው እየለመደ ሲሄድ መሃል መንገዱ ስለሚመቸው መሃሉን ይይዛል፤ እናንተ አታድርጉት። አንድ የሚረዳ ነገር አለ። በደረቅ ቀን ከኮረብታው ጀርባ የሚመጣ መኪና አቧራው ከእሱ ቀድሞ ይታያል። ዓይናችሁን ከመንገዱ በላይ አየሩ ላይም አድርጉ። ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር እየተጠጋ ከሆነ ቦታ ፈልጋችሁ ጠብቁ።

ቀኝ ያዙ ስል ግን ጠርዙ ድረስ አይደለም። የመንገዱ መሃል ከፍ ያለ ነው፣ ዳሩ ዝቅ ብሎ የላላ ነው። ግሬደር በቅርቡ ካለፈ በዳሩ ወይም በመሃሉ እንደ መደብ የተከመረ ጠጠር ይተዋል። በአንድ ወገን ጎማ ያን ክምር መርገጥ መኪናውን ወደ ቦዩ ይጎትተዋል። ሰዎች የነዱበት ሁለት የጎማ መስመር አለ፤ ያንን ተከተሉ።

ሰብሉ ሲያድግ መስቀለኛ መንገድ ይደብቃል። ብዙዎቹ መስቀለኞች የማቆሚያ ምልክት የላቸውም። ምልክት በሌለበት ከቀኛችሁ ለሚመጣው ቅድሚያ ስጡ። «በዚህ ምድረ በዳ ማን ይመጣል» ብሎ ማለፍ የለም።

ዳገት መነሻና መታጠፊያ አካባቢ መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ሸንተረር ሸንተረር ይሆናል። መኪናው ጥርስ እስኪያንገጫግጭ ይንቀጠቀጣል። አንዳንድ ሾፌር በፍጥነት ካለፍከው አይሰማህም ይላል። አይሰማም፣ ግን ያን ጊዜ ጎማው መሬቱን የሚነካው እየዘለለ ነው። መሪም ፍሬንም አይሠራም። 15 ማይል አድርጉና እለፉት። ቁልቁለት ስትወርዱ ዝቅተኛ ማርሽ አስገቡ፤ አውቶማቲክ ቢሆንም ማርሹን በእጅ ዝቅ የሚያደርግ ቦታ አለው። ፍሬኑን ጠቅላላ ቁልቁለቱን ረግጣችሁ አትውረዱ።

ከፊት ለፊት የሚመጣ የእርሻ መሣሪያ ሲያጋጥም መንገድ መልቀቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። በየማሳው መግቢያ ከመንገዱ ወጣ ያለ ትንሽ ቦታ አለ። እዚያ ገብታችሁ ቁሙ። ገበሬው ሲያልፍ ከመሪው ላይ አንድ ወይም ሁለት ጣት ያነሳል። ሰላምታ ነው። መልሱለት። ገጠር ገብቶ ያገኙትን ሰው ሁሉ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ለእኛስ መቼ ይሆንልናል?

6. ዝናብ ከጣለ

ይህን ደጋግማችሁ አንብቡት። ይህ አፈር ሲደርቅ ዱቄት ነው፣ ሲርስ ቅቤ ነው። አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና መሄድን ይረዳል እንጂ መቆምን አይረዳም። ቁልቁለት ላይ አራቱም ጎማ አንድ ላይ ይንሸራተታል።

በመንገዱ መግቢያ ላይ «ፕሪሚቲቭ ሮድ» የሚል ምልክት ካያችሁ ካውንቲው ከዚህ በኋላ የማስጠንቀቂያ ምልክት አልተከልኩም ማለቱ ነው። መታጠፊያም ቢኖር፣ መንገዱ ቢያልቅም የሚነግራችሁ የለም። ደረቅ ቀን ላይ በእግር ሩጫ ፍጥነት ይገባበታል። ማታ ዝናብ ከጣለ ግን በማግስቱም አይገባበትም። ጠጠር የፈሰሰበት ዋናው መንገድ ቶሎ ይደርቃል፤ የአፈሩ አይደርቅም። ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ውረዱና ተረከዛችሁን መሬቱ ላይ አዙሩ። አፈሩ ከጫማችሁ ሥር ተላጥቶ ከተነሳ ተመለሱ።

አንድ ኤፕሪል ላይ ከጓደኛዬ ጋር ይህን ሳላደርግ ገባሁ። ከላይ የደረቀ ይመስል ነበር። ሁለት መቶ ሜትር እንደሄድን ጭቃው ጎማውን እንደ ሊጥ ጠቀለለው። አልተቀበርንም፤ ወደ ኋላ በማርሽ ግማሽ ሰዓት ፈጅተን ወጣን። ችግሩ የመጣው አስፋልት ላይ ነው። 50 ማይል ስንደርስ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። 60 ላይ ዳሽቦርዱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። አንድ ነገር ተሰበረ ብለን ደነገጥን። ፑልማን ስንደርስ አንድ ጎሚስታ በእጅ ባትሪ አየና ሳቀ። ጭቃው ከቸርኬው በውስጥ በኩል ተጋግሮ ደርቋል። በአንድ ወገን ብቻ ስለተጋገረ ጎማው ሚዛኑን ስቷል። ከዚያ በኋላ ከጭቃ በወጣሁ ቁጥር አስፋልት ከመያዜ በፊት እወርድና በቸርኬው ቀዳዳ ጣቴን አስገብቼ ውስጡን እጠርጋለሁ። ከተማ ስገባ ደግሞ ሳንቲም እየከተቱ የሚያጥቡበት ቦታ ሄጄ ውሃውን በኃይል ከውስጥ በኩል እለቅበታለሁ።

7. ዙሩ

ሁለተኛው ቀን በማለዳ ተነሱ። ከኮልፋክስ ወደ ስቴፕቶ ቢዩት ሥር ተመለሱና፣ ትናንት በእስክሪብቶ ባደመቃችሁት ጠጠር ወደ ጋርፊልድ አቅጣጫ ደቡብ ምሥራቅ ያዙ። ከዚያ ኤልበርተን። ድሮ ከተማ ነበረች፤ ሰው ጥሏት ሄደ፣ በ1966 ከተማነቷም ቀረ። ፓሉስ ወንዝ ዳር ዛፍ ጥላ ስላላት ቡናውን የምንጠጣው እዚያ ነው። ከዚያ ጋርፊልድ፤ ከጋርፊልድ በአስፋልት መንገድ 27 ፓሉስ ወደምትባለው ከተማ፣ ከዚያ ወደ ካማያክ ቢዩት። ይህ ተራራ በጥድ ደን የተሸፈነ ነው፤ ከማሳው ሙቀት ወጥታችሁ ጥላ ውስጥ ስትገቡ ሌላ አገር ይመስላችኋል። መጨረሻው ፑልማን ነው። በጠቅላላ 70 ማይል ገደማ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ስጡት።

እየሄዳችሁ ሰብሉን ለዩ። ስንዴና ገብስ ግልጽ ነው። ምስር መሬት ላይ የተኛ ያህል አጭር ነው። ቅጠሉ ደቃቅ፣ ቀለሙ ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ ነፋስ ሲመጣ እንደ ውሃ ይሄዳል። ሽምብራ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቅርፊቱ እንደ ትንሽ ፊኛ የተነፋ ነው። እዚህ የሚበቅል ፓርዲና የሚባል ትንሽ ቡናማ ምስር አለ፤ ከእኛ ድፍን ምስር ጋር መንታ ነው። ብዙውን ስፔን ነው የሚገዛው። ፑልማን በየዓመቱ ኦገስት ላይ የምስር ፌስቲቫል ታደርጋለች፣ ከ1989 ጀምሮ። በትልቅ ጎድጓዳ ብረት ምስር ቀቅለው ለሕዝብ በነፃ ያድላሉ። እማዬ ይህን ስነግራት፣ «በርበሬ ያገባሉ?» አለችኝ።

የእሷን የዳገት ጥያቄም እዚሁ ልመልስ። ድሮ ከ30 በላይ ፈረሶችና በቅሎዎች አንድ ላይ ተጠምደው አንድ ማጨጃ ይጎትቱ ነበር። አሁን የሚሠሩበት ኮምባይነር ለዳገት የተሠራ ነው። ጎማውና የፊቱ ማጨጃ ዳገቱን ተከትሎ ያዘነብላል፣ ሾፌሩ የተቀመጠበትና እህሉ የሚበራይበት አካሉ ግን ቀጥ ብሎ ይቀራል። ኦገስት ላይ ከሄዳችሁ አንዱን ዳር ቆማችሁ ተመልከቱት። ሊገለበጥ ነው ብላችሁ ትንፋሻችሁን ትይዛላችሁ፤ እሱ ግን ቀስ ብሎ ያልፋል።

ፑልማን ስትደርሱ ዩኒቨርሲቲው የሚሸጠውን አይስክሬም ልጆቹ አይለፋቸው። ለእኔ ግን ያ ግቢ ሌላ ትርጉም አለው። የስንዴ ተመራማሪው ኦርቪል ቮግል እዚያ ሆኖ ነው አጭር ስንዴ ያዳቀለው። ዘሩን ሜክሲኮ ለነበረው ለኖርማን ቦርሎግ ላከለት፣ ቦርሎግም በዚያ መነሻ የረባውን ስንዴ ለሌላው ዓለም አዳረሰ። የራሱ የቮግል ጌይንስ የተባለው ዝርያ በ1961 ወጣ። በዚሁ ከተማ የአሜሪካ መንግሥት የዘር ማከማቻ አለ። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ የምስር፣ የሽምብራና የአተር ዘር በቅዝቃዜ ይቀመጥበታል፤ ከሀገራችን የሄደው ደቆቆ አተርም አለበት።

8. መንገዱ የሕዝብ ነው፣ ማሳው የሰው ነው

ጠጠሩ ላይ መሄድ መብታችሁ ነው። ከጠጠሩ ወርዶ ሰብል ውስጥ መግባት ግን አይደለም። አጥር ስለሌለ ክፍት ይመስላል። ቢጫው ካኖላ ውስጥ ቆሞ ፎቶ ለመነሳት የሚረገጠው እያንዳንዱ ተክል የአንድ ሰው የዓመት ልፋት ነው። የእኛ ሰው ይህን ከማንም በላይ ሊያውቅ ይገባል፤ አያቶቻችን እሸት ያስበላ ከብት ስንት ሽምግልና እንደሚያስቀምጥ ያውቁ ነበር። አሮጌ ጎተራና ባዶ ቤትም ባለቤት አለው። ከመንገድ ሆናችሁ አንሱት።

ስትቆሙ ከአናት ላይና ከመታጠፊያ ላይ አትቁሙ። የማሳ መግቢያውን አትዝጉ። በጁላይና በኦገስት ደረቅ ሣር ላይ በፍጹም አታቁሙ። የመኪናው የጭስ ማውጫ ከሥር ይግላል፤ የደረቀ ሣር ከነካ ይያያዛል። ከስንዴ ማሳ አጠገብ የተነሳ እሳት በነፋስ ኮረብታውን በደቂቃ ይጨርሰዋል። ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛ ካላችሁ ከተማ እስክትደርሱ ይታገሥ።

ትንሽ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲመላለስ ካያችሁ መድኃኒት እየረጨ ነው። መስኮቱን ዝጉ፣ ራቅ በሉ፣ እስኪጨርስ ጠብቁ።

9. መልስ

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከፑልማን ተነስታችሁ በ26 ስትመለሱ ዋሽታክና ላይ ወደ ደቡብ ታጠፉና የፓሉስን ፏፏቴ እዩ። በጠጠር ያለ የመጨረሻ ትንሽ መንገድ አለው። ውሃው ከ60 ሜትር ገደማ ወደ ገደል ይወድቃል። በ2014 የስቴቱ ፏፏቴ ተብሎ በሕግ የታወጀው የዋሽታክና ተማሪዎች ስለጠየቁ ነው። የትናንት በስቲያው የዲስከቨር ፓስ የአንድ ቀን ብቻ ከሆነ እዚህ ሌላ ያስፈልጋችኋል። ገደሉ በብዙ ቦታ አጥር የለውም፣ ሰው ሞቶበታል። የልጆችን እጅ ያዙ፤ የተዘጋውን የእግር መንገድ አትሻገሩ።

ከዚያ ከሰዓት በኋላ ብዙ ሳትቆዩ ተነሱ። ወደ ምዕራብ ስለምትነዱ ፀሐይዋ ከዋሽታክና ጀምሮ ፊት ለፊታችሁ ናት። ከመነሳታችሁ በፊት በፔርሙሱ ክዳን ውሃ ቅዱና የሁለት ቀኑን አቧራ ከፊት መስታወቱ ከውጭም ከውስጥም ጥረጉት፤ የፊት መብራቱንም እንዲሁ።